ጡረታን በስልክ ማስላት፦ ከላሊበላ ለሚነሳ ሰው መግቢያ

ላሊበላ በቅዳሜ ገበያ የሚገናኙ አምስት ሰዎችን እናስብ። መምህሩ በእርጅናው የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ ነው። የሆቴል አስተናጋጇ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ታቅፋለች። አስጎብኚው የሚተማመነው ራሱ ባስቀመጠው ገንዘብ ነው። ካህኑ ደብራቸውንና ምእመናኑን፣ በግ ነድተው ከገጠር የወጡት አዛውንት ደግሞ መሬታቸውንና ልጆቻቸውን ተስፋ ያደርጋሉ። የገቢያቸው ምንጭ ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ጉልበት የደከመ ዕለት በወር ስንት ብር እጄ ይገባል? ያ ብርስ ያን ጊዜ ምን ይገዛል?

ይህን ጥያቄ የሚያሰሉ፣ ክፍያ የማይጠየቅባቸው መሣሪያዎች ዛሬ በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ላይ ይገኛሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ግን ለሌላ አገር ሰው ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን ከመክፈታችን በፊት እኛ ይዘን የምንገባውን ቁጥር ማወቅ አለብን። ቁጥሩ የሚገኘው ከራሳችን ሕግ፣ ከራሳችን ገበያና ከራሳችን የኑሮ ልማድ ነው።

ከጧሪ ልጅ እስከ አዋጅ

በላሊበላ ዙሪያ ባለው በላስታ ደጋ እርጅና ድሮም ያለ ዕቅድ አልነበረም። ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው እየተባለ ያድጋል። ጉልበቱ የደከመ ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል፤ በጓሮው የተከለው ባሕር ዛፍም ለክፉ ቀን የሚቆረጥ ቁጠባው ነው። ልጆቿን ድራ የጨረሰች ወይም ባሏ የሞተባት እናት ቆብ ደፍታ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስትኖር ማየት እንግዳ አይደለም። እነዚህ መንገዶች ዛሬም አሉ። የሚሠሩት ግን ልጅ በአቅራቢያ ሲኖር፣ ዝናብ ሲጥልና መሬቱ ለሁሉም ሲበቃ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተጎዳ አካባቢ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በሕግ የተመሠረተ ጡረታ ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ያዋጣል፣ አሠሪው ይጨምርለታል፣ በመጨረሻም በሕግ በተጻፈ ቀመር መሠረት እስከ ዕድሜ ልኩ ይከፈለዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 ይህን ዓይነት ሕግ ስታወጣ አበሉን ለማግኘት 70 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ ለመንግሥት ሠራተኞች መሠረቱ የተጣለው በ1953 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 199 ተተክቷል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጡ ነበር።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ከዚህ ውጭ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል። በሩ የተከፈተለት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም በአዋጅ ቁጥር 714 ታድሷል። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩ። ዛሬ መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ ከደመወዙ 18 በመቶ ነው።

እነዚህ አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትመው ወጥተዋል፤ ቅጂያቸውም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። በእኔ አስተያየት ለኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ከሁሉ የሚበልጠው ነጻ የጡረታ ዕቅድ መሣሪያ ይኸው ሰነድ ነው። ከማንኛውም መተግበሪያ በፊት እሱን ስልክ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ ይገባል።

ቀመሩ

የሕጉ ቀመር አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚሠራው ነው። ጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው አማካይ የወር ደመወዝ 30 በመቶው ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጠቅላላው ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ አይበልጥም። ለወታደርና ለፖሊስ የዓመቱ ጭማሪ ከፍ ያለ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ሲቪሉ ነው።

አንድ መምህር 35 ዓመት አገልግሎ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል። ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለው 25 ዓመት ነው። 25 በ1.25 ሲባዛ 31.25 ይሆናል፤ 30 ሲጨመርበት 61.25 በመቶ ይወጣል። የወር አበሉ 6,125 ብር ነው። 70 በመቶው የሚሞላው በ42 ዓመት አገልግሎት ነው። በ18 ዓመቱ ሥራ የጀመረና አንድም ቀን ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው በትክክል እዚያ ይደርሳል። ከኮሌጅ ወጥቶ በ22 ወይም በ23 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ግን ምንም ቢተጋ ጣሪያውን አይነካም።

በቀመሩ ውስጥ ሁለት ቃላት በቀላሉ የሚታለፉ ናቸው። የመጀመሪያው ደመወዝ ነው። የሚቆጠረው በመደበኛው የሥራ ሰዓት ለሚሰጥ አገልግሎት የሚከፈለው የወር ደመወዝ ብቻ ነው። አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ እንግዳ ለአስተናጋጅ የሚተወው ጉርሻ ከቁጥር አይገቡም። በላሊበላ ሆቴሎች ውስጥ ኑሮው በጉርሻ የሚደጎም ሠራተኛ ብዙ ነው፤ በገና ሰሞን ከደመወዙ የሚበልጥ ጉርሻ የሚያገኝ ሰው ጡረታው ግን በዚያች በትንሿ ደመወዝ ነው የሚሰላው።

ሁለተኛው አማካይ የሚለው ነው። ደመወዝ ድንገት ሲጨምር አማካዩ ወደኋላ ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ሲስተካከል ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። ከእንዲህ ዓይነቱ ማስተካከያ በኋላ ወዲያው ጡረታ የሚወጣ ሰው አበሉ በአዲሱ ደመወዝ ልክ አይሆንለትም። ለምሳሌ 24 ወር 6,000 ብር፣ ቀጥሎ 12 ወር 9,000 ብር የተከፈለው ሠራተኛ አማካዩ 7,000 ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው የመጀመሪያውን የጡረታ ክፍያ ሲቀበል የሒሳብ ስህተት የተፈጸመበት ይመስለዋል።

የግል ድርጅት ሠራተኛው ሌላ ነገር ማስተዋል አለበት። መዋጮው የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በድርጅቱ በኩል የተጠራቀመለትን የፕሮቪደንት ፈንድ ገንዘብ ወደ ጡረታ ካላዛወረ በቀር ከዚያ በፊት በሆቴልም ሆነ በሱቅ የሠራው ዘመን አይቆጠርለትም። አዋጁ ከወጣ ጀምሮ ሳያቋርጥ 15 ዓመት ያዋጣ ሠራተኛ 36.25 በመቶ ላይ ይደርሳል። 10 ዓመት ሳይሞላው 60 ዓመት የደረሰ ደግሞ ወርሃዊ አበል አያገኝም፤ የሚሰጠው ዳረጎት የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ ነው። በመንግሥት ቤትም በግል ድርጅትም የሠራ ሰው ግን የሁለቱ አገልግሎት ይደመርለታል። ስለዚህ አምስት ዓመት አስተምሮ ወደ ሆቴል ሥራ የገባ ሰው ያቺን አምስት ዓመት መርሳት የለበትም።

ሕጉ ሠራተኛው ከሞተ በኋላም ይቀጥላል። ለሚስት ወይም ለባል የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። ሕጉ ይህን የተተኪዎች ጡረታ አበል ይለዋል። የቤተሰብ ዕቅድ ሲሠራ በሰንጠረዡ ላይ ለብቻው መስመር ሊኖረው ይገባል።

መሣሪያዎቹ ከየት መጡ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዳን ብሪክሊን የተባለ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሰንጠረዥ ሲሠሩ ያያል። መምህሩ አንድ ቁጥር ሲሳሳቱ ከሱ የተከተለውን ሁሉ እያጠፉ እንደገና ይጽፉ ነበር። ብሪክሊን አንዱን ቁጥር ሲቀይሩት ሌላው ሁሉ በራሱ የሚስተካከልበትን ሰሌዳ አሰበ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ቪዚካልክ ይባላል፤ ዛሬ ኤክሴል ብለን የምንጠራው ዓይነት ፕሮግራም ቀዳሚ ነው። ጉግል ሺትስ የሚባለው ነጻው ዝርያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በስልክ ይሠራል፤ ፋይሉ አስቀድሞ ከተቀመጠ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

ከሰንጠረዡ ሌላ ሁለት ዓይነት ነጻ መሣሪያ አለ። አንዱ አራት ቁጥር ብቻ የሚጠይቀው የወለድ ማስያ ነው፦ መነሻ ገንዘብ፣ በየወሩ የሚጨመረው፣ ዓመቱና የወለዱ መጠን። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኢንቨስተር ዶት ጎቭ በሚባለው ገጹ ላይ እንዲህ ያለ ማስያ አስቀምጧል፤ ስምም አድራሻም አይጠይቅም። ገጹ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አማርኛ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጉግል ትርጉም ውስጥ ስላለ የጥያቄዎቹን ሐሳብ መረዳት አያዳግትም። ሌላው ባንኮችና ቴሌብር በስልካችን ያስገቡት አገልግሎት ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሳንዱቅ የሚባል የቁጠባ አገልግሎት ጨመረ። እነዚህ ዕቅድ አያወጡም፤ ጥቅማቸው መዝገብ መሆናቸው ነው። የአንድ ዓመት ገቢና ወጪን ወደኋላ ተመልሶ ማየት የቻለ ሰው፣ በወር ስንት እንደሚያወጣ መገመት ትቶ ማወቅ ይጀምራል።

የጡረታ ማስያ ተብለው የተሠሩት ዝርዝር ገጾች ግን ለላስታ ሰው እንዳሉ አይሠሩም። ገና ሲከፈቱ የልደት ቀን ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁትም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1970 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 1970 ብሎ ቢጽፍ ማስያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ ዕቅዱም ያንኑ ያህል ይሰበራል። ቀን መለወጫ ገጾች በነጻ ስላሉ አስቀድሞ መለወጥ ይበጃል። ከዚህም በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። በገጠር የተወለደ ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ በድርቁ ዓመት ወይም በአንድ በሚታወቅ ክስተት ነው። በጡረታ ሕጉ የሚጸናው ደግሞ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነው፤ በኋላ የሚቀርብ የዕድሜ ለውጥ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ወደ ማስያው የሚገባው ቤተሰብ የሚያወሳው ዕድሜ ሳይሆን የግል ማኅደሩ ላይ የሰፈረው ነው።

ቀጥሎ ማስያው ስለ ወጪ ይጠይቃል፦ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ሽርሽር፣ ስለ መኪና መድን። ስለ እድር መዋጮ አይጠይቅም። የወር ማኅበር፣ የልጅ ልጅ ሠርግ፣ የዘመድ ለቅሶ፣ ተዝካር የሚባል ሣጥን የለውም። በላስታ አንድ ጡረተኛ ዓመታዊ ወጪውን ሲጽፍ እነዚህን ከተወ ትልቁን ነገር ተወ ማለት ነው። «ሌላ ወጪ» በሚለው ሣጥን አጠራቅሞ ማስገባት ይቻላል፤ የተሻለው ግን ሰንጠረዡን ራስ መሥራት ነው።

አንዳንዶቹ ማስያዎች ደግሞ በመጨረሻ «ካጠራቀምከው በየዓመቱ 4 በመቶ እያወጣህ ኑር» የሚል ምክር ይሰጣሉ። ይህ ደንብ ዊሊያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ነው። ያሰላው በአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ ላይ፣ ለ30 ዓመት ጡረታ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በ2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን የመሰለ ረጅም ታሪክ የለውም። ደንቡ ለባለቤቶቹ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን አይመለከተንም።

የዋጋ ንረት የሚባለው ሣጥን

ከሣጥኖቹ ሁሉ አንዱን ብቻ አስተካክል ብባል የምመርጠው የዋጋ ንረትን ነው። የውጭ ማስያዎች እዚያ ላይ አስቀድመው 2 ወይም 3 በመቶ ጽፈው ይጠብቃሉ። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ወደፊት የሚሆነውን ማንም ስለማያውቅ ጥሩ ዕቅድ አንድ ቁጥር ብቻ አይይዝም።

የመምህሩን ሰንጠረዥ በዚህ ዓይን እንሥራው። የመጀመሪያው ዓምድ ዓመት፣ ሁለተኛው ዕድሜ፣ ሦስተኛው የወር ወጪ፣ አራተኛው የጡረታ አበል፣ አምስተኛው የሁለቱ ልዩነት ነው። ጡረታ በወጣበት ዓመት የቤቱ ወጪ በወር 9,000 ብር፣ አበሉ 6,125 ብር ቢሆን የሚጎድለው 2,875 ብር ነው። ይህ በልጅ ድጎማ ወይም በትንሽ ሥራ ሊሸፈን ይችላል። ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር ግን ከ5 ዓመት በኋላ ያው ኑሮ ወደ 18,100 ብር ይጠይቃል። አበሉ በመካከል ማስተካከያ ካልተደረገበት ጉድለቱ 12,000 ብር ገደማ ይሆናል። ዋጋው በ10 በመቶ ብቻ ቢያድግ ወጪው ወደ 14,500 ነው፤ በ20 በመቶ ቢያድግ ደግሞ ወደ 22,400። ሦስቱንም መስመር ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚቻለው ሰንጠረዡ ስላለ ነው፤ በወረቀት ቢሆን ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። መንግሥት የጡረታ አበልን በየጊዜው ያሻሽላል። መቼና በምን ያህል እንደሚያሻሽል ግን በሰንጠረዥ ሊጻፍ አይችልምና፣ አራተኛውን ዓምድ ሳይነኩ መተው የጥንቃቄው መንገድ ነው።

ቁጠባውም በዚሁ ሚዛን ይታይ። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በወር 500 ብር በ7 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ያስቀመጠ ሰው፣ ወለዱም ራሱ እየወለደ፣ መጨረሻ ላይ 260,000 ብር ገደማ ያገኛል። ከኪሱ ያወጣው 120,000 ብር ነው። ማስያው እዚህ ላይ በሚያምር ሥዕል ያጅበዋል። ነገር ግን በእነዚያ 20 ዓመታት ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ካደገ፣ ያ 260,000 ብር የሚገዛው ዛሬ በ16,000 ብር ገደማ የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። ከወለዱ የሚቀነሰው ግብር ገና አልታሰበም።

ይህ ማለት አትቆጥቡ ማለት አይደለም። ቁጠባው በየዓመቱ ከዋጋው ጋር ማደግ አለበት ማለት ነው፦ ዘንድሮ 500፣ ለከርሞ 575፣ በሦስተኛው ዓመት 661። ሰንጠረዡ ይህን በአንድ ቀመር ይሠራዋል። ሁለተኛም፣ ሁሉንም በብር ብቻ አለማስቀመጥ ነው። የላስታ ገበሬ ትርፉን በበግ፣ በባሕር ዛፍና በንብ ቀፎ ማስቀመጡ ባንክ ስለራቀው ብቻ አልነበረም። የበግ ዋጋ ከገበያው ጋር ይወጣል። በግ ግን ይታመማል፣ ይሰረቃል፣ በድርቅ ያልቃል፤ ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ለሱም የኪሳራ ዓመት መጻፍ ፍትሐዊ ነው።

ወር እየቆጠረ ለማይከፈለው

ማስያዎቹ ሁሉ የሚያስቡት በየወሩ እኩል ገቢ ያለውን ሰው ነው። የላሊበላ አስጎብኚ፣ የበቅሎ አከራይ፣ የመስቀልና የሥዕል ሻጭ ገቢ እንዲህ አይደለም። እንግዳ የሚበዛው ከመስከረም በኋላ ነው፤ በገናና በጥምቀት ጣሪያ ይነካል፣ በክረምት ይደርቃል። ዓመታቱም እርስ በርስ አይመሳሰሉም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገባና እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆየች፤ በ2015 ክረምት ደግሞ በክልሉ ግጭት ተነስቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት በጎብኚ የሚተዳደር ሰው ቁጠባውን እየበላ ነው የኖረው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚያዋጣው በወር ሳይሆን በዓመት ማሰብ ነው። የአምስት ዓመት ገቢን ከቴሌብርና ከባንክ መዝገብ አውጥቶ፣ መጥፎዎቹንም ዓመታት ጨምሮ አማካዩን መውሰድ፤ ከዚያ ቁጠባውን ከታኅሣሥና ከጥር ገቢ ላይ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ። ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ወር የተለያየ ቁጥር ይቀበላል። አሥራ ሦስት ረድፍ መሥራትም አይከለክልም፤ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም እንጂ ወጪ አላት።

የካህናቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በላሊበላ ከጎብኚዎች መግቢያ የሚገኘው ገቢ ለደብሩ አገልጋዮች መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ እንግዳ ሲጠፋም የሚጎዱት እነሱ ናቸው። የ2003ቱ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞችና መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች በፈቃደኝነት በጡረታ ዐቅዱ ሊታቀፉ እንደሚችሉ ደንግጎ ነበር። ይህ በር መኖሩን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። አስጎብኚውም ካህኑም፣ በሥራ ላይ ባለው አዋጅ መሠረት ምን እንደሚፈለግባቸው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርን ቢጠይቁ፣ መልሱን በሰንጠረዣቸው ላይ እንደ አንድ አማራጭ መስመር ማስላት ይችላሉ። ጉልበት የሌላቸውና ጧሪ ያጡ የገጠር አዛውንቶች ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥር ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አላቸው። ይህ የመዋጮ ጡረታ አይደለም፤ የሚመረጡትም በቀበሌ ነው።

ጥንቃቄ

እውነተኛ ማስያ ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም የሚስጥር ቁጥር አይፈልግም። ከጠየቀ መዝጋት ነው። ቴሌግራም ላይ ገንዘብን በሳምንት እጥፍ እናደርጋለን የሚሉት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የማስያ መልክ ይዘው ነው የሚመጡት፤ የሚያሳዩት ቁጥር ግን ሒሳብ አይደለም። ትክክለኛው ፈተና እዚያው ወለድ ማስያው ላይ አለ፦ በሳምንት እጥፍ የሚሆን 1,000 ብር በ20 ሳምንት ከ1 ቢሊዮን ብር ይበልጣል። ያን ያህል የሚከፍል ሥራ በምድር ላይ የለም።

ኔትወርክም ሊታመን አይችልም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ አዋጁም ሰንጠረዡም ስልኩ ላይ መውረድ፣ አንድ ቅጂም ታትሞ ከቅጥር ደብዳቤውና ከጡረታ መለያ ቁጥሩ ጋር መቀመጥ አለበት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ከደመወዙ የተቆረጠው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ በስሙ ገቢ መደረጉን ማረጋገጥ ይችላል፤ ይገባውማል። በመዝገብ ላይ የሌለ ዓመት በቀመሩ ውስጥ ዜሮ ነው።

በውጭ ለሚኖረው የላስታ ልጅ

ከላሊበላ ወጥተው በአሜሪካ የሚሠሩ፣ በእርጅናቸው ግን ወደ አገራቸው መመለስ የሚያስቡ ሰዎች ሁለት ሰንጠረዥ ያስፈልጋቸዋል። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በነጻ የሚከፈት የግል ገጽ አለው፤ ያዋጣው ገንዘብ በየዓመቱ ተዘርዝሮ የሚጠበቀው አበል ይታይበታል። ለአበሉ ብቁ ለመሆን 40 ነጥብ ያስፈልጋል። በዓመት የሚያዘው ቢበዛ 4 ነጥብ ስለሆነ ይህ 10 ዓመት ሥራ ማለት ነው፤ ከኛ ሕግ ዝቅተኛ አገልግሎት ጋር መግጠሙ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉው አበል የሚከፈለው በ67 ዓመት ነው፤ በ62 መጀመር ይቻላል፣ አበሉ ግን ይቀንሳል።

በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የአገልግሎት ዘመንን የሚያደማምር ስምምነት የለም። በላሊበላ 8 ዓመት አስተምሮ በአሜሪካ 9 ዓመት የሠራ ሰው 17 ዓመት ሠርቷል፤ በሁለቱም ሕግ ግን ወርሃዊ አበል የሚያስገኘው 10 ዓመት አልሞላለትም። እንዲህ ያለው ሰው ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ዓመት ተጨማሪ ቢሠራ ምን እንደሚያገኝ በሁለት ደቂቃ አስልቶ ማየት ይችላል።